የግብር እፎይታን በጋራ ማስተዳደር፦ ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ

የግብር እፎይታ መንግሥት ሊሰበስበው የሚገባውን ገንዘብ በሕግ ትቶ፣ ግብር ከፋዩ በዚያው ገንዘብ አዲስ ሥራ እንዲያቋቁም ወይም የፈረሰበትን መልሶ እንዲያቆም የሚያደርግበት መንገድ ነው። ከካዝና የሚወጣ ብር ስለሌለ በበጀት ሰነድ ላይ እምብዛም አይታይም። ይሁን እንጂ ያልተሰበሰበ ብርም ወጪ ነው፤ ያ ብር ቢሰበሰብ ኖሮ የውኃ ቧንቧ ይዘረጋበት፣ የመምህር ደመወዝ ይከፈልበት ነበር። ስለዚህ እፎይታው ለማን ተሰጠ፣ ማን ፈቀደው፣ ማን ተቆጣጠረው፣ ጉድለቱ በማን ላይ ወደቀ የሚሉት ጥያቄዎች ከእፎይታው መጠን ባልተናነሰ ክብደት አላቸው።

እፎይታ ብዙ መልክ አለው። በኢትዮጵያ በሰፊው የሚታወቁት ሁለቱ፣ ባለሀብቱ ለተወሰኑ ዓመታት የገቢ ግብር ሳይከፍል የሚሠራበት ነፃ ጊዜና ማሽነሪ ከውጭ ሲያስገባ የሚያገኘው የቀረጥ ነፃ መብት ናቸው። ሦስተኛው ኪሳራን ወደ ሚቀጥሉት ዓመታት ማሸጋገር ነው። በሌሎች አገሮች የተስፋፋው አራተኛው መልክ ታክስ ክሬዲት ይባላል፤ ግብር ከፋዩ ሕጉ ለሚፈልገው ተግባር ካወጣው ገንዘብ የተወሰነው ከሚከፍለው ግብር ላይ ይነሳለታል። አንድ ነጋዴ 100 ሺህ ብር ግብር ቢደርስበትና የተቃጠለ መጋዘኑን ለመጠገን ካወጣው 40 ሺህ ብር ግማሹ እንዲካካስለት ቢፈቀድ፣ የሚከፍለው 80 ሺህ ብር ይሆናል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ነፃ ጊዜ ትርፍ ያገኘውን ሁሉ ይጠቅማል፤ ብዙ ያተረፈውን ደግሞ አብልጦ ይጠቅማል። ክሬዲት ግን የሚሰጠው ሥራው ተሠርቶ ከታየ በኋላ ነው። ለፈረሰ ከተማ የሚበጀው ክሬዲቱ ነው፤ ነገር ግን ሥራው መሠራቱን በዓይኑ አይቶ የሚመሰክር ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው አዲስ አበባ አይቀመጥም፤ የሚገኘው በቀበሌ፣ በወረዳና በማዘጋጃ ቤት ነው። የአስተዳደር መጋራት ጥያቄ የሚነሳውም ከዚህ ነው።

በኢትዮጵያ የግብር ሥልጣን ክፍፍል መነሻው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 96 የፌዴራሉን፣ አንቀጽ 97 የክልሎችን፣ አንቀጽ 98 የሁለቱን የጋራ ሥልጣን ይዘረዝራሉ። በክልሉ ውስጥ የሚሠራ የግለሰብ ነጋዴ የሥራ ግብር፣ የገበሬው ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ የክልል ናቸው። የድርጅቶች የትርፍ ግብርና ባለአክሲዮኖች ከትርፍ ድርሻቸው የሚከፍሉት ግብር የጋራ ነው። የጉምሩክ ቀረጥ የፌዴራሉ ነው። ወረዳና ከተማ በእነዚህ አንቀጾች የግብር ባለሥልጣን ሆነው አልተጠቀሱም፤ የሚሰበስቡት ክልሉ በሕጉ በሰጣቸው ልክ ነው። በመሆኑም በአማራ ክልል ሰሜን ወሎ ዞን በምትገኘው መርሳ በስሙ ንግድ ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴና እዚያው መንገድ ላይ በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆኖ የሚሠራ ድርጅት ግብራቸውን የሚያዝዘው ሥልጣን ይለያያል። የመጀመሪያውን ነጋዴ ግብር ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ምክር ቤት በራሱ ሕግ ሊያቀልለት ይችላል። የሁለተኛው ግን የፌዴራሉን ፈቃድ ይጠይቃል።

የኢንቨስትመንት ማበረታቻው ሕግ ከዚህ ክፍፍል በላይ የተዘረጋ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 270 ለአምራች ዘርፍ እንደ ምርቱ ዓይነትና እንደ ቦታው እስከ 6 ዓመት የሚደርስ የገቢ ግብር ነፃ ጊዜ ይሰጥ ነበር። አዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው ልዩ ዞን በአንድ ወገን፣ የቀረው አገር በሌላ ወገን ተቆጥረው፣ ከመዲናዋ የራቀው የረዘመ ጊዜ ያገኝ ነበር። ከዚያ ሌላ ደንቡ ራቅ ያሉና ልማት ያልደረሰባቸው የተባሉ አካባቢዎችን በስም ጠርቶ፣ ነፃ ጊዜው ሲያበቃ ለ3 ተከታታይ ዓመታት የ30 በመቶ ቅናሽ ይጨምርላቸው ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ሶማሌ፣ ከአዋሽ ወንዝ ግራና ቀኝ 15 ኪሎ ሜትር ውጭ ያለው አፋር፣ ጉጂና ቦረና፣ ደቡብ ኦሞና ሌሎች የደቡብ አካባቢዎች ነበሩ። ከአማራ ክልል አንድም ዞን አልተጠቀሰም። መርሳ የምትገኝበት የሀብሩ ወረዳ ምሥራቃዊ ወሰን አፋር ነው፤ ወሰኑን የተሻገረ ተጨማሪ ቅናሽ ሲያገኝ፣ በዚያው ሙቀትና በዚያው የዝናብ እጥረት የሚኖረው የሀብሩ ቆላ ግን እንደ ማንኛውም አካባቢ ተቆጥሮ ነበር። ዝርዝሩ የተዘጋጀው በክልል ስም እንጂ በቀበሌ እውነታ ስላልነበረ እንዲህ ያለው ነገር መከሰቱ አይቀርም። ደንቡ በኋላ በ2014 ዓ.ም. በወጣው የኢንቨስትመንት ማበረታቻዎች ደንብ ቁጥር 517 ተተክቷል።

ፈቃዱ የሚሄድበት መንገድም መታየት አለበት። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180 መሠረት የውጭ ባለሀብቱን ጉዳይ በዋናነት የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን፣ የአገር ውስጥ ባለሀብቱን ደግሞ የክልሉ የኢንቨስትመንት መሥሪያ ቤት ይይዘዋል። ወልድያ ላይ የምግብ ዘይት መጭመቂያ መትከል የሚፈልግ ሰው ፈቃዱን በክልሉ መዋቅር ያወጣል፤ ቦታውን ከከተማው ይጠይቃል፤ ለማሽኑ የቀረጥ ነፃ ደብዳቤ ከክልሉ ተጽፎለት ወደ ጉምሩክ ይሄዳል፤ የገቢ ግብር ነፃ ጊዜውን የሚያስፈጽመው ደግሞ ገቢ ሰብሳቢው ነው። አንድ ማሽን በአራት ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ከአራቱ መካከል ማሽኑ በእርግጥ መተከሉንና መሥራቱን በየወሩ ሊያይ የሚችለው ከተማው ብቻ ሲሆን፣ የማበረታቻው ውሳኔ ግን በእሱ እጅ አይደለም።

የኢትዮጵያ የግብር አስተዳደር መጋራትን ፈጽሞ አያውቅም ማለት ስህተት ነው። የፌዴራሉ ገቢ ሰብሳቢ በክልሎች ያሉ ግብር ከፋዮችን ተጨማሪ እሴት ታክስና የድርጅት ግብር በውክልና በክልል ገቢ መሥሪያ ቤቶች በኩል ሲያሰበስብ ቆይቷል። ክልሎችም በፊናቸው የመሰብሰቡን ሥራ ለዞን፣ ለወረዳና ለከተማ ጽሕፈት ቤቶች አውርደዋል። የወረዳ ጥቅል ድጎማ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ሲተገበር የወረዳው ምክር ቤት በጀቱን ራሱ የመደልደል ዕድል አገኘ። የተወከለው ግን የመሰብሰብና የመደልደል ሥራ ነው። የመተውን፣ የመመርመርንና የተተወውን የመመዝገብን ሥራ ከታች ካለው አስተዳደር ጋር የሚካፈል ወጥ አሠራር አልተፈጠረም።

ይህ ክፍተት በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ላይ ጎልቶ የሚታየው በአካባቢው አቀማመጥ ምክንያት ነው። ወልድያ የመንገድ ከተማ ናት፤ ከደሴ የሚመጣው፣ ወደ አላማጣና መቀሌ የሚወጣው፣ ወደ ላሊበላና ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው ሁሉ በእሷ ያልፋል። ኑሮዋ ንግድ፣ ሆቴል፣ ጋራዥ፣ የእህል መጋዘንና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ተጨምሯል። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 46 ሺህ ገደማ ነበር። ዙሪያዋን የሚከባት ጉባ ላፍቶ ወረዳ መቀመጫው እዚያው ወልድያ ነው፤ አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት አስተዳደር አለ ማለት ነው። ከወልድያ በስተደቡብ በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትገኘው መርሳ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ የራሷ ከተማ አስተዳደርም አላት። ሀብሩ በዚያው ቆጠራ ከ192 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው፤ አብዛኛው ገበሬ ነው። ማሽላና ጤፉ፣ ከብቱና ፍየሉ፣ የጊራና መስኖ አትክልትና ፍራፍሬ የወረዳው ሀብት ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ለዓመታት ጉድጓድ ሲያስቆፍርና መስኖ ሲዘረጋ የኖረውም በዚህ ሸለቆ ነው። የመርሳ ግብርና ኮሌጅ ደግሞ የባለሙያ ምንጭ ነው።

አንድ ምሳሌ ብቻ ይወሰድ። መርሳ ላይ የማንጎና የፓፓያ ጭማቂ የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ሊቆም ነው እንበል። ቦታውን የሚሰጠው የመርሳ ከተማ አስተዳደር ነው። ፍሬውና የመስኖ ውኃው የሚመጣው ከሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች ነው። ሠራተኛው ከሁለቱም፣ አከፋፋዩ ከወልድያ ይሆናል። ፋብሪካው የግብር ነፃ ጊዜ ሲያገኝ መርሳ ከሊዝ ገቢ ትጠቀማለች። ሀብሩ ግን መንገዱ በጭነት መኪና ሲታረስ፣ ወንዙ በፍሳሽ ሲበከል ጉዳቱን ይችላል እንጂ ከፋብሪካው የሚያገኘው ቀጥተኛ ገቢ የለም። ፋብሪካው ሥራ ማቆሙን ቀድሞ የሚሰማው ፍሬው የተበላሸበት የጊራና ገበሬ ነው፤ ቅሬታውን የሚያቀርብለት የወረዳ ባለሥልጣን ግን በነፃ ጊዜው ላይ ምንም ቃል የለውም። ዳርቻው ላይ ያለ ሌላ አስተዳደር የሊዝ ዋጋ ቢቀንስ ደግሞ ፋብሪካው ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነስቶ ይሄድና መርሳ ባዶ አጥር ይቀርላታል። ጎረቤት አስተዳደሮች በእፎይታ ሲሻሙ የሚያተርፈው ተዘዋዋሪው ብቻ ነው።

እነዚህን አስተዳደሮች የማስታረቅ ሥራ የሰሜን ወሎ ዞን ሊይዘው ይችላል የሚል አስተያየት ይሰነዘራል። በከፊል ልክ ነው። ይሁን እንጂ በአማራ ክልል ሕገ መንግሥት የራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው የብሔረሰብ አስተዳደሮቹ አዊ፣ ዋግ ኽምራና ኦሮሞ ናቸው። ሰሜን ወሎ እንደ ሌሎቹ ዞኖች የክልሉ አስተዳደር ቅርንጫፍ ነው። የተመረጠ ምክር ቤት ያላቸው ወረዳውና ከተማው ናቸው። ዞኑ ሊያስተባብር፣ ሊያሠለጥንና ሊመዘግብ ይችላል፤ ስለ ጠፋ ገቢ ለመራጭ መልስ የሚሰጥበት ሸንጎ ግን የለውም። እፎይታውን በጋራ የሚያስተዳድር አካል ቢቋቋም ሥልጣኑን መያዝ ያለበት ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ምክር ቤቶች ስምምነት ነው።

ጥያቄውን ከመጽሐፍ ጉዳይ ወደ ዳቦ ጉዳይ የለወጠው የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ነው። የሕወሓት ኃይሎች ነሐሴ 2013 ወልድያንና መርሳን ያዙ፤ ከተሞቹ የተለቀቁት ታኅሣሥ 2014 ነው። በእነዚያ ወራት ሱቅ ተዘርፏል፣ መጋዘን ባዶ ቀርቷል፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ተጎድቷል፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሰነድ ተበትኗል። ወደ ደቡብ ርቆ የሚገኘው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም በዚያው ጦርነት ጉዳት ደርሶበታል። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ የተጀመረውን ጥገና ሁሉ አንገዳግዷል። የዓለም ባንክ በ2014 ዓ.ም. በግጭት ለተጎዱ አምስት ክልሎች የ300 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት አጽድቋል፤ አማራ ከአምስቱ አንዱ ነው። ያ ገንዘብ ለማኅበረሰብ አገልግሎት የታሰበ ነው። የተዘረፈውን ባለሱቅ ወደ ባንኮኒው ጀርባ የሚመልስ መሣሪያ በዋናነት ግብሩ ራሱ ነው።

ሕጉ ለዚህ ዝግጁ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ኪሳራን እስከ 5 ዓመት ለማሸጋገር ይፈቅዳል፤ ኪሳራ የሚሸጋገረው ግን የሒሳብ መዝገብ ለያዘ ነው። የወልድያና የመርሳ አብዛኛው ነጋዴ ትንሽ ነው፤ ግብሩ በግምት የሚወሰን፣ ቁርጥ ግብር የሚከፍል። መዝገብ ስለሌለው የተዘረፈበት ሸቀጥ በሕግ ዓይን ኪሳራ አይሆንም። መዝገብ የነበረው እንኳ መዝገቡ ከሱቁ ጋር ጠፍቶበታል። እንዲህ ላለው ሰው የኢንቨስትመንት ማበረታቻው ነፃ ጊዜም አይደርሰውም፤ አዲስ ፋብሪካ ያቋቋመ ባለሀብት አይደለምና። ስለዚህ በአገሪቱ ያለው የማበረታቻ ሥርዓት ወልድያ ላይ በብዛት የተጎዳውን ሰው በሁለት በኩል ያልፈዋል። ይህ የሥርዓቱ ዋና ጉድለት ነው፤ መታረምም አለበት።

ግምት ላይ የተመሠረተ ግብር የራሱ ታሪክ አለው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በኦሮሚያና በሌሎች ከተሞች ሱቅ ተዘግቶ ተቃውሞ ተነስቷል፤ ነጋዴው ያልተቀበለው ግምቱ ከየት እንደመጣ ስላላወቀ ነው። የጉዳት ግምትም በዚያው መንገድ ቢሠራ በዚያው መንገድ ይወድቃል። ልዩነት የሚያመጣው ግምቱን የሚሠሩት ሰዎች ማንነትና ውጤቱ የሚታይበት ቦታ ነው። ሱቁ ምን ያህል ሸቀጥ ይይዝ እንደነበር የሚያውቁት ጎረቤት ነጋዴዎች፣ አከፋፋዩና የቀበሌው ሰው ናቸው። ጎረቤት ግን ለጎረቤቱ ያዳላል፤ ቂምም ይኖረዋል። የመርሳን ማመልከቻ ከወልድያና ከሀብሩ የመጡ ሰዎች ጭምር ቢመረምሩት፣ የወልድያን ደግሞ የመርሳዎቹ ቢያዩት፣ አካባቢ ማወቅና ገለልተኛ መሆን ይገናኛሉ። የጋራ አስተዳደር ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ሌሎች አገሮች በዚህ መንገድ ብዙ ሄደዋል፤ ሁሉም ግን አልቀናቸውም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በተዳከሙ የኢንዱስትሪ ከተሞች የኢንተርፕራይዝ ዞን አቋቋመች። በዞኑ ውስጥ ያለ ድርጅት ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፍለው የንብረት ግብር ቀረለት፤ አስተዳደሩ ያጣውን ገቢ ደግሞ ማዕከላዊው መንግሥት ተካለት። ጉድለቱን የሚሸከመው አስቀድሞ መታወቁ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ወደ ዞኖቹ ከገቡት ድርጅቶች ብዙዎቹ ከአጠገብ ካለ ሰፈር የተነሱ ሆነው ተገኙ፤ አንዱ ሲለመልም ጎረቤቱ ደረቀ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ሕግ ይህንን ሽሚያ በሌላ መንገድ ገታው፤ በሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ዙሪያ ያሉ ሰባት ካውንቲዎች የንግድና የኢንዱስትሪ ግብር መሠረታቸው ካሳየው ዕድገት 40 በመቶውን ወደ ጋራ ቋት ያስገባሉ፤ ቋቱም በሕዝብ ብዛትና በገቢ አቅም ይከፋፈላል። ፋብሪካው የትም ይቁም፣ ጎረቤቱም ይካፈላል።

ለመልሶ ግንባታ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የአሜሪካ የታሪካዊ ሕንፃዎች ታክስ ክሬዲት ነው። ታሪካዊ ሕንፃን በደንቡ መሠረት ያደሰ ባለቤት ካወጣው ወጪ 20 በመቶው ከፌዴራል ግብሩ ላይ ይነሳለታል። ማመልከቻውን በቅድሚያ የሚመረምረው የየክፍለ ግዛቱ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ቢሮ ነው፤ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ያጸድቀዋል፤ ገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የግብሩን ሒሳብ ይከታተላል። ሦስቱ አይደራረቡም፤ ሕንፃውን የሚያውቀው ያያል፣ መስፈርቱን የሚያውቀው ይወስናል፣ ሒሳቡን የሚያውቀው ያወራርዳል። ለወልድያና ለመርሳ የሚስማማው የሥራ ክፍፍል ይህ ነው፤ ቦታውን የሚያየው የሦስቱ አስተዳደሮች የጋራ ቡድን፣ የሚያጸድቀው የክልሉ ገቢዎች ቢሮ፣ የሚመዘግበው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ሥር ያለው ፋይል።

የጉድለቱ ነገር ካልተፈታ ግን የሥራ ክፍፍሉ ብቻውን አይበቃም። የወረዳና የከተማ በጀት ከክልሉ ከሚወርድ ድጎማና ከራስ ገቢ የሚገነባ ነው፤ የገቢ ዕቅዱ በየዓመቱ ይወጣል፤ ኃላፊዎች የሚገመገሙትም በዕቅድ አፈጻጸም ነው። እፎይታ የተሰጠው ገቢ ከዕቅዱ ካልተቀነሰ ጽሕፈት ቤቱ ያንኑ ገንዘብ ከሌላው ነጋዴ ለመሙላት ይገደዳል፤ የአንዱ እፎይታ የሌላው ጭማሪ ይሆናል። ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢውም የማይነካ አይደለም። የሊዝ እፎይታ ከተማውን በቀጥታ ይጎዳዋል። ከ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 ጀምሮ በከተማ ቦታና ቤት ላይ ሲከፈል የኖረውን ግብር የሚተካው የ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ሲተገበር፣ የፈረሰ ቤት ዋጋ እንዴት ይገመታል የሚለው ጥያቄ ወልድያ ላይ ከሌላው ከተማ ቀድሞ ይመጣል። መፍትሔው በስምምነቱ ውስጥ ሦስት ቁጥር አስቀድሞ መጻፍ ነው፤ በዓመት የሚተወው ገንዘብ ጣሪያ፣ ከዕቅዱ የሚቀነሰው መጠን፣ ክልሉ የሚተካው ድርሻ።

የማጭበርበር ሥጋቱ እውነተኛ ነው። በቀረጥ ነፃ የገባ ተሽከርካሪና ዕቃ ለሌላ ተግባር ሲውል፣ ለኢንቨስትመንት የተወሰደ ቦታ ታጥሮ ለዓመታት ሳር ሲያበቅል በአገሪቱ በተደጋጋሚ ታይቷል። የገንዘብ ሚኒስቴርም ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በያዘው የአራት ዓመት የገቢ ስትራቴጂ የታክስ ማበረታቻዎችን መቀነስና ማጥራት ይፈልጋል። ይህ አቅጣጫ ከጋራ አስተዳደር ጋር አይጋጭም። ሊቀነስ የሚገባው ተሰጥቶ የማይታይ እፎይታ ነው። ሥራው ከተሠራ በኋላ የሚሰጥ፣ ጣሪያ ያለው፣ የተጠቃሚዎቹ ስምና መጠን በማዘጋጃ ቤቱና በወረዳው ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ክሬዲት ለመቆጣጠር ይቀላል፤ መርሳ ገበያ ላይ ማን መጋዘኑን እንደጠገነና ማን እንዳልጠገነ የማያውቅ ሰው የለምና።

መነሻው የት ሊሆን ይገባል ለሚለው መልስ ያለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ላይ ነው። የድርጅቶችን ግብርና ቀረጡን ለመንካት አዲስ አበባን መጠበቅ ያስፈልጋል። የግለሰብ ነጋዴው ግብር ግን የክልሉ ነው፤ አማራ ክልል የራሱን የገቢ ግብር አዋጅ አውጥቶ ይሠራበታል፤ በወልድያም፣ በመርሳም፣ በሀብሩ ገጠር ከተሞች በውርጌሳና በጊራናም የተዘረፈው በብዛት ይህ ነጋዴ ነው። የክልሉ ምክር ቤት ለመልሶ ጥገና የወጣን ወጪ ከግብር የሚያካክስ አንቀጽ ሊጨምርና አፈጻጸሙን ለጎረቤት ወረዳዎችና ከተሞች የጋራ ቡድን ሊሰጥ ይችላል። ሦስቱ ምክር ቤቶች የክልሉን አዋጅ ሳይጠብቁ የመመርመሪያ ስምምነታቸውን ዛሬውኑ ሊፈራረሙ፣ የተጎዱ ሱቆችንና መጋዘኖችን መመዝገብም ሊጀምሩ ይገባል፤ ምስክሮቹ በሕይወት፣ ትዝታቸውም ትኩስ ሳለ።